የጠለዘ ያመጣል

አዲሱ አሰልጣኝ በመጣበት ጠዋት ተጫዋቾቹን ሜዳው መሃል ሰብስቦ የተናገረው አጭር ነበር። ከእንግዲህ ኳስ በመሬት ነው የምትሄደው አለ። ከእግር ወደ እግር። ከበረኛው ተነስታ እስከ ተጋጣሚው ግብ ድረስ ትሄዳለች እንጂ አትበርም። ከዚያ አንድ ሕግ ጨመረ፦

«ኳስ ጠልዞ ከግንቡ ማዶ የሰደደ ማንም አያመጣለትም። ራሱ ሄዶ ያመጣል።»

ይህን ሲል ማንንም አላየም። የቡድኑ ዓይን ግን ሁሉም አንድ ሰው ላይ አረፈ፤ መድፉ ላይ።

መድፉ የፋብሪካው ቡድን የመሃል ተከላካይ ነው። እናቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነበር፤ ከእናቱና ከደመወዝ ከፋዩ በቀር ግን የሚጠራበት የለም። ስሙን ያገኘው ከቀኝ እግሩ ነው። ኳስ ገና ወደሱ ስትንከባለል ደጋፊው ከመቀመጫው ይነሳል፤ «መድ» ሲል የመድፉ እግር ወደ ኋላ ይሄዳል፣ «ፉ» ሲል ኳሷ የለችም። አጥቂዎቹ ከሥሯ ይሮጣሉ። ከደረሱባት ደረሱባት፤ ካልደረሱባትም እዚያ ናት፣ እዚህ አይደለችም። ኳስ እዚያ ሳለች ደግሞ እዚህ ግብ አይገባም። የመድፉ ትምህርት ይኸው ነበር። ከማንም አልተማረውም፤ ስለሱም ማንም አመስግኖት አያውቅም። ሰው የሚያስታውሰው ያመለጠህን እንጂ ያዳንከውን አይደለም።

በዚያው ጠዋት ልምምድ እንደተጀመረ ኳስ መጣችለት። እግሩ ጭንቅላቱን አላማከረም። ኳሷ ከሰማዩ ጋር ጉዳይ ያላት ይመስል ተነሳችና የፋብሪካውን ግንብ ተሻግራ ጠፋች። አሰልጣኙ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ «እንጠብቅሃለን» አለው።

መድፉ ሜዳውን አቋርጦ፣ በዘበኛው በር ወጥቶ፣ ግንቡን ይዞ ዞረ። ከግንቡ ማዶ የጎሚስታው ግቢ ነው። ጎሚስታው ያረጁ ጎማዎች ክምር ላይ ተቀምጦ፣ ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ እየፈለገ ነበር። ኳሷ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ራስህ መጣህ?» አለው። «ድሮ ሰው ነበር የምትልከው።»

«ሕግ ወጥቷል። የጠለዘ ራሱ ያመጣል።»

«ማነው ያወጣው?»

«ጩጬ።»

ጎሚስታው ከመነዳሪውን ለቀቀው። «የትኛው ጩጬ? ያ የናንተው? የእህትህ ባል?»

«አዎ።»

«አይ ጊዜ! ያ ልጅ እኮ ቆሞ ይሁን ተቀምጦ ሳንለይ ነው ተጫውቶ የወጣው። አሁን አንተን ይቀጣል?»

«ኳሷን ስጠኝ።»

«እንካ፣ ምን አስቸኮለህ? ደግሞ ትመጣለህ።»

እውነቱን ነበር። በዚያን ቀን ደጋግሞ መጣ።

ጩጬ ከዓመታት በፊት በዚሁ ቡድን አማካይ ነበር። ቁመቱ አጭር፣ እግሩ ብልህ፣ አፉ ዝግ። አብዛኛውን ጊዜ የተቀመጠው ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው። ሜዳ ሲገባም ኳሷ በራሱ ላይ አልፋ ስትሄድ ሽቅብ ሲያያት ይውላል፤ ከመድፉ እግር ተነስታ አጥቂው ራስ ላይ የምትወድቅ ኳስ መሃል ሜዳ ላይ የሚያስቆማት ጉዳይ የለም። በኋላ ጉልበቱ ተጎዳ፣ ኳሱን ተወ፣ የመድፉን ታናሽ እህት አገባ፣ ሄዶ ተማረ፣ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። መድፉ ወረቀት የለውም። የፋብሪካው ሰዎች አሮጌው አሰልጣኝ ሲወርድ አንተ ምን ታስባለህ ብለው እንኳ አልጠየቁትም።

በቢሮው መተላለፊያ ላይ የዚያን ዘመን ቡድን ፎቶ ተሰቅሏል፤ ዋንጫ የወሰዱበት ዓመት ነው። መድፉ ረጅም ስለሆነ ከኋላ ዳር ቆሟል፤ ግማሽ ፊቱን ክፈፉ በልቶታል። ጩጬ አጭር ስለሆነ ከፊት መሃል ተንበርክኳል፤ ኳሷንም የያዘው እሱ ነው። በዚያ ውድድር አንድም ጨዋታ አልተሰለፈም። ፎቶውን ያየ ሁሉ ግን ዋንጫውን ያመጣው እሱ ይመስለዋል። መድፉ በዚያ መተላለፊያ ባለፈ ቁጥር ፊቱን ወደ ሌላው ግድግዳ ያዞራል።

እሑድ ምሳ የመድፉ እናት ቤት ነው፤ እህቱም ባሏን ይዛ ትመጣለች። እናትየው አማቻቸውን ከወለዱት ልጅ አብልጠው ይወዱታል፤ የሚያፈሩትም ነገር የለም።

«ልጄ ከሳህ» አሉት ጩጬን። «ይኸ የሚስትህ ወንድም ነው አይደል የሚያናድድህ?»

«ኧረ ምንም አላለኝ እማዬ።»

«እኔ ነኝ የተናደድኩት፣ እማዬ» አለ መድፉ። «ኳስ ለቃሚ አደረገኝ እኮ።»

«ታዲያ ለምን ትወረውረዋለህ? በእጅህ ያለውን ያዝ ብሎ መምከር ጥፋት ነው?»

እህቱ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ጩጬ ግን አልሳቀም። ከምሳ በኋላ መድፉን ተከትሎ በሩ ድረስ ወጣ።

«ስማ» አለው። እቤት ውስጥ አንተ ይባባላሉ፤ ሜዳ ላይ አሰልጣኝ እንጂ ሌላ መጠሪያ የለም። «ፋብሪካው ዕድሜው የገፋውን ሁሉ በዓመቱ መጨረሻ አሰናብት ብሎኛል። ያንተ ግን እስከ መጨረሻው ጨዋታ እንዳይወሰን ጠይቄልሃለሁ። እስከዚያ ኳስ ይዘህ መጫወት ከቻልክ ትቆያለህ። ካልቻልክ እህትህ ብታለቅስ፣ እማዬም ቢረግሙኝ አላቆይህም።»

«ጠይቅልኝ ብዬሃለሁ?»

«አላልከኝም።»

«ቂም ነው አይደል? በራስህ ላይ ስላሳለፍኩብህ።»

ጩጬ ትንሽ አሰበ። ሰው ሲሰድበው እንኳ የሚያስብ ዓይነት ነው። «አንገቴ እስኪቀጭ ሽቅብ ያየሁት እኔ ነኝ» አለ። «ግን ቂም ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ አስወጣህ ነበር።»

መድፉ መንገዱን ጀመረ። ከዚህ ቡድን ከወጣ የሚወስደው ሌላ ቡድን እንደሌለ ያውቃል። የሚጠብቀው የፋብሪካው መጋዘን ነው፤ በግንቡ በኩል የደጋፊውን ጩኸት እየሰሙ ጥቅል መሸከም።

ቡድኑ መሸነፍ ጀመረ። የሚገርመው ኳሷ የነሱ ሆና ነው የሚሸነፉት። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ በረኛው፣ ከበረኛው ወደ ግራ ይቀባበላሉ፤ ተጋጣሚው ቆሞ ያያቸዋል፤ አንድ ጊዜ ሲሳሳቱ ቀምቶ ያገባና ተመልሶ ይቆማል። ደጋፊው መጀመሪያ ዝም አለ፤ ቀጥሎ አጉረመረመ፤ በመጨረሻ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ በጭብጨባ ማዜም ጀመረ። ሞኞቹ ተጫዋቾቹ፣ ወረቀቱ የአሰልጣኙ እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም።

ክፉዋ ቀን የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አሰልጣኙ በረኛውንም አስተምሮት ነበር። ተከላካይ ኳስ ሲይዝ በረኛው ግቡ አፍ ላይ አይቆምም፤ ወደ ጎን ወጥቶ ለቅብብል ይመቻቻል። በረኛውና መድፉ አብረው ያረጁ ናቸው። በረኛው ትእዛዙን እንደ ጸሎት ይዞታል። መድፉ ደግሞ ላለመጠለዝ ሲታገል ሌላውን ሁሉ ረሳ። ኳስ መጣችለት፤ ደጋፊው «መድ» አለ፤ እግሩን በግድ ያዘው፤ ዞሮ ሳያይ ወደ ኋላ፣ በረኛው ያን ሁሉ ዘመን ወደሚቆምበት ቦታ በመሬት ሰደዳት። በረኛው እዚያ አልነበረም። ጎን ላይ ቆሞ፣ አንድ እጁን አንስቶ «እዚህ እኮ ነኝ» ይል ነበር። ኳሷ ቀስ ብላ፣ ማንም ሳይነካት፣ የገዛ ግባቸው ውስጥ ገባች።

ሜዳው ሁሉ አፉን ያዘ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ድምፅ ከላይኛው ደረጃ «መድፉ ወደ ኋላ ተኮሰ» አለ። ሳቁ ግንቡን ተሻግሮ ጎሚስታው ድረስ ደረሰ።

መድፉ ቀና ብሎ ተቀያሪ ወንበሩን አየ። ስድቡን ይጠብቅ ነበር፤ እንዲያውም ፈልጎት ነበር። ጩጬ ግን ያጨበጭባል። «ጥሩ ነው!» ይላል። «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ቀጥል!»

ይህ ነው የመረረው። ያን ሁሉ ዓመት ሲያድን ማንም አላጨበጨበለትም፤ በገዛ ግቡ ላይ ሲያገባ ተጨበጨበለት። መልበሻ ክፍል ገብቶ ሸሚዙን ሲያወልቅ በረኛው አጠገቡ ተቀመጠ።

«ወንድሜ፣ እጄን አንስቼልህ ነበር።»

«አንተን ለማየት መዞር ነበረብኝ?»

«ታዲያስ?»

«ያን ሁሉ ዓመት ዞሬ አይቼህ አላውቅም።»

«ልክ ነህ» አለ በረኛው። «እኔም የተንቀሳቀስኩበትን ቀን አላስታውስም።»

ሁለቱም ሳይፈልጉ ሳቁ።

መድፉ መቀባበል የተማረው ሜዳ ላይ አይደለም። ይህን ማንም አያውቅም፤ እሱም ለራሱ አምኖ አያውቅም። የተማረው ከግንቡ ነው። ኳሷን ከጎሚስታው ተቀብሎ ሲመለስ እጁ ላይ መያዝ ሰለቸው፤ መሬት ላይ ጣላትና ወደ ግንቡ ገፋት። ግንቡ መለሰለት። እየሄደ ደግሞ ገፋት፣ ደግሞ መለሰለት። ጠንከር ሲያደርግ ጠንከር አድርጎ፣ ለስለስ ሲያደርግ ለስለስ አድርጎ። እስከ ዘበኛው በር ድረስ እንዲህ እየተቀባበሉ ሄዱ። ግንብ ያበደርከውን አይክድም፤ ከብዙ ሰው ይሻላል። አንዳንድ ቀን ወደ ሜዳው ለመመለስ ሳይቸኩል ቀረ፤ አንድ ቀን እንዲያውም ግንቡን ሁለት ጊዜ ዞረ። አሰልጣኙ «ቆየህ» ሲለው «ጎሚስታው ወሬ ይወዳል» ብሎ አለፈ።

ቀስ በቀስ ኳሷ እግሩ ሥር መቆየት ጀመረች። ደጋፊው «መድ» ይላል፤ መድፉ ቀና ብሎ ያያል፤ ለወጣቱ ከሲታ አማካይ በመሬት ይሰጣል፤ «ፉ» በሰው አፍ ውስጥ ትቀራለች። ከሲታው አማካይ ኳስ ከሱ በተቀበለ ቁጥር «አባባ፣ ይባርክህ» ይለዋል። «አባትህን እቤትህ ፈልግ» ይለዋል መድፉ። ቡድኑ አቻ መውጣት ጀመረ፤ ከዚያ አልፎ አልፎ ማሸነፍ። ደጋፊው ስለ ሞኝና ወረቀት ማዜሙን አልተወም፤ አሁን ግን በፈገግታ ነው። ጎሚስታው ብቻ ቅር አለው። አንድ ጠዋት መንገድ ላይ አግኝቶት «ጠፋህ እኮ» አለው። «ተጣላን እንዴ?»

የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ካሸነፉ ወይም አቻ ከወጡ በሊጉ ይቆያሉ፤ ከተሸነፉ ይወርዳሉ። ቡድኑ ከወረደ ማን ይቆያል ማን ይሄዳል የሚለውን ፋብሪካው እንጂ አሰልጣኙ አይወስነውም፤ መድፉ ይህን ያውቃል። ጩጬም በዚያ ሳምንት እንቅልፍ እንዳልተኛ እህቱ ነግራዋለች። «ሌሊት እየተነሳ ግድግዳ ያያል» አለችው። መድፉ «እኔም የቀረኝ ወዳጅ አንድ ግንብ ብቻ ነው» ሊላት ፈልጎ ተወው።

ጨዋታው ያለ ግብ ወደ ማለቁ ሄደ። ተጋጣሚው ማሸነፍ ነበረበትና ያለውን ሰው ሁሉ ወደፊት አወጣ። ዳኛው የባከነውን ሰዓት ጨመረ። የደጋፊው ጩኸት እንደ ዝናብ አንድ ወጥ ሆነ። በዚያ መሃል ኳሷ ከሰው እግር ተፈልቅቃ መድፉ ፊት መጣች። የቆመው በገዛ ግቡ በር ላይ ነው። ሁለት አጥቂዎች ከፊትና ከቀኝ እየሮጡበት ነው።

«መድ» አለ ሜዳው በሙሉ።

ከዚያ ከጩኸቱ ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማ። ያውቀዋል፤ እሑድ እሑድ ምሳ ላይ ይሰማዋል።

«ጠልዛት! ወንድሜ፣ በናትህ ጠልዛት!»

ጩጬ ነበር። መስመሩን ረግጦ፣ ሁለት እጁን አፉ ላይ ከቦ። ዓመቱን ሙሉ ኳስ አትበርም ያለው፣ ግንብ ለግንብ ያዞረው፣ በገዛ ግቡ ሲያገባ ያጨበጨበለት ሰው።

መድፉ በዚያች ቅጽበት ብዙ አሰበ ቢባል ውሸት ነው። ቢጠልዛትና ቢያድን ለጩጬ ያለበት ዕዳ ያለቀ መስሎ ሊታይ ይችል ነበር፤ እግሩም ወደ ኋላ ሄዷል። ያቆመው ንዴት ነው። እኔ ይህን ያህል ተዋርጄ የተማርኩትን አንተ አታምንበትም ነበር ማለት ነው? እንግዲያ አላደርገውም። እንዳልሰማህም እሆናለሁ።

እግሩን መለሰ። አንገቱን አዞረ። በረኛው ከግቡ ጎን ቆሞ እጁን አንስቷል፤ ፊቱ አመድ ሆኗል። መድፉ ኳሷን በገዛ ግቡ አፍ ላይ አቋርጦ፣ በሁለቱ አጥቂዎች መሃል፣ በመሬት ሰደዳት። ከማዶው የጎሚስታው ግቢ አይሁን እንጂ ልክ በግንቡ ሥር እንደሚገፋት ነበር። በረኛው ተቀበላት። በረኛው ለከሲታው፣ ከሲታው ለግራው፣ ግራው መልሶ ለከሲታው፣ ከሲታው ለመድፉ። «አባባ!» ሲለው ይሰማዋል። መድፉ ደግሞ ሰጠ። ተጋጣሚዎቹ ከኋላዋ ይሮጣሉ፤ ኳሷ ሁልጊዜ አሁን የነበረችበት ቦታ የለችም። ዳኛው ሰዓቱን አይቶ ፊሽካውን ነፋ።

ደጋፊው አጥሩን ጥሶ ገባ። ተሸክመው ያነሱት አሰልጣኙን ነው፤ ለመሸከምም ቀላል ነው። በሰው ትከሻ ላይ እንዳለ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ማይኩን ዘረጋለት።

«ያቺን የመጨረሻዋን ድፍረት ከየት አመጣችኋት?»

«ዓመቱን ሙሉ የሠራንበት ነው» አለ ጩጬ ከላይ። «እምነት ነው። ተጫዋች አሰልጣኙን ሲያምን እንዲህ ነው።»

መድፉ ከሥር ሆኖ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ ነበር። ሰማው። ፊቱን አላዞረም።

ቆይቶ ፎቶ አንሺው ቡድኑን ደረደረ። ጩጬን ከፊት መሃል አንበረከከው፣ ኳሷንም ሰጠው። መድፉ በልማዱ ከኋላ ዳር ቆመ። «ረጅሙ፣ ወደ ውስጥ ገባ በል፤ ትቆረጣለህ» አለው ፎቶ አንሺው። መድፉ በረኛውን በክርኑ ገፍቶ ገባ።

መልበሻ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ጩጬ መጥቶ አጠገቡ ቆመ። የሸሚዙ ኮሌታ ከደጋፊው እጅ ተቀዷል። እያየ ያለው የመድፉን ጫማ ነው።

«ጩኸቱ ከባድ ነበር፣ አይደል?»

«ከባድ ነበር።»

«እዚያ ሆነህ የሚሰማህ ነገር ነበር?»

መድፉ ካልሲውን አወለቀ፤ አራገፈው። «ደጋፊው ነዋ። ሌላ ምን ይሰማል?»

ጩጬ የተቀደደ ኮሌታውን አስተካከለ። «በእረፍቱ እንዳትወፍር» አለ በመጨረሻ። «የሚቀጥለው ዓመት ልምምድ ቶሎ ነው የሚጀመረው።» በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። «እሑድ እማዬ ጋ ትመጣለህ አይደል?»

«እናቴ ቤት አይደለም እንዴ?» አለ መድፉ። «እንግዳው አንተ ነህ።»

ጩጬ ሳቅ ብሎ ወጣ።

እንግዲህ ቦታው ጸንቶለታል። ይቆያል። ግን ኳስ መስጠት ስለቻለ ይቆይ፣ ወይስ ጆሮው ስለደነቆረ፣ ይህን ማንም አይነግረውም፤ እሱም አይጠይቅም።

ሲወጣ ሜዳው ባዶ ነበር። ወንበሮቹ ሥር ወረቀትና የፕላስቲክ ጠርሙስ ተበትኗል። የጨዋታው ኳስ ማዕዘኑ ላይ ተረስታለች። መድፉ ዙሪያውን አየ። ነጠላ ጫማውን አወለቀ፤ በባዶ እግሩ ሁለት እርምጃ ተንደረደረ። «መድ» የሚል አልነበረም። ኳሷ ግንቡን ተሻግራ ሄደች፤ ከማዶ ቆርቆሮ ስትመታ ተሰማ። ጫማውን አጠለቀና በዘበኛው በር ወጣ።

ጎሚስታው ሱቁን እየዘጋ ነበር። ኳሷን ብብቱ ውስጥ ይዟታል።

«ጨዋታው አለቀ አሉ እኮ። ተረፋችሁ አሉ።»

«ተርፈናል።»

«ታዲያ ምን አጥፍተህ ነው የሚቀጡህ?»

መድፉ ሊነግረው አሰበ። ነገር ግን ጎሚስታ ዘንድ የገባ ወሬ እንደ ጎማው ነው፤ ሳይተነፍስ ከተማውን ይዞራል።

«ምንም» አለው። «ለምዶብኝ ነው።»

ኳሷን ተቀብሎ መሬት ላይ ጣላት። ወደ ግንቡ ገፋት፤ ግንቡ መለሰለት።